ሁሌም ክፍት ነን

(አዳማ፤ ከወይዘሮ ስንዱ ካፌ በላይ ያለው፣ ላፕቶፕ ይዘው ለሚሠሩ ሰዎች የተሰናዳው አዳራሽ፤ ጠረጴዛ እንጂ አንድም ወንበር የለበትም፤ የካፌውን ድረ ገጽ የሠራው ኢዮስያስ እያለከለከ ገብቶ ከወይዘሮዋ ጋር ተፋጥጧል።)

ኢዮስያስ፦ እትዬ ስንዱ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ወንበሮቹን ያስመልሱ!

ስንዱ፦ ለቀስተኛ አስነስቼ?

ኢዮስያስ፦ ሁሉንም አላልኩም። ስምንት ብቻ።

ስንዱ፦ ጥሩ። ድንኳኑ ታች ነው። ውረድና ስምንቱን ምረጥ። ከሟች ሚስት ትጀምራለህ ወይስ ከቄሱ?

ኢዮስያስ፦ ዕድሩ ወንበር የለውም?

ስንዱ፦ የዕድሩማ ከቀብር ሳንመለስ ሞላ። አቶ ወንድይፍራው እኮ የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥር የኖረ ሰው ነው፤ አገር ነው የወጣለት። ሰው ቆሞ ሲያለቅስ እያየሁ እኔ ፎቅ ላይ ባዶ ወንበር ልጠብቅ?

ኢዮስያስ፦ የታች ካፌውስ?

ስንዱ፦ እሱ ነው መጀመሪያ የሄደው።

ኢዮስያስ፦ ከማዶ ከፀዳለ ካፌ ልዋስ?

ስንዱ፦ ከፀዳለ? ከሷ ከምዋስ መሬት ላይ ልቀመጥ! ደሞም የሷ ወንበር ድንኳን ውስጥ ነው። ቀድማኝ አስወጥታ የለ!

ኢዮስያስ፦ አሃ! ለካ ልቅሶ ሳይሆን ፉክክር ነው!

ስንዱ፦ አፍህን ዝጋ። ሁለቱም ነው።

ኢዮስያስ፦ ሰዎቹ እኮ ከአዲስ አበባ ተነስተዋል! ድርጅታቸው ቅርንጫፉን እዚህ ሊያደርግ፣ አዳራሹን ለዓመት ሊከራይ ነው። ዛሬ አይተው ካልወደዱት አከራይዎ አቶ ሽብሩ ፎቁን ነጥቆ ለቤቲንግ ቤት ይሰጥብዎታል። ራስዎ ነዎት የነገሩኝ።

ስንዱ፦ የነገርኩህን መልሰህ አትንገረኝ። እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ አይደል? ደውልና ነገ ኑ በላቸው።

ኢዮስያስ፦ ደወልኩ። ሞጆን አልፈናል አሉ።

ስንዱ፦ ለመሆኑ ዛሬ ኑ ያላቸው ማነው?

ኢዮስያስ፦ ድረ ገጹ። «ቦታ ይያዙ» የሚለውን ተጭነው ያዙ።

ስንዱ፦ እኔን ሳይጠይቅ?

ኢዮስያስ፦ ጥቅሙ እኮ እሱ ነው። ማንንም አይጠይቅም።

ስንዱ፦ ቆንጆ! ባለቤቱን የማይጠይቅ ቤት ሠራህልኝ። ላም አለኝ በሰማይ! ውስጡ ደሞ ያቺ ጥርሳም ፈረንጅ ስኒ አቅፋ ትስቃለች። ካፌዬን ረግጣው አታውቅ፤ ምኑ ነው ደስ ያላት?

ኢዮስያስ፦ «የዱባይ አስመስለው» ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? የርስዎን ፎቶ ላንሳ ብል «ፀጉሬን ሳልሠራ» ብለው አባረሩኝ!

ስንዱ፦ ታዲያ እስክሠራ አትጠብቅም?

ኢዮስያስ፦ ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩ!

ስንዱ፦ ባለፈው ደሞ አንዱ መጣልህ፣ ጆሮው ላይ ድስት የሚያክል ነገር ደፍቶ። እንደምን ዋልክ ብለው እንደ ዝንብ እጁን አወዛወዘብኝ።

ኢዮስያስ፦ የጸጥታ ደንብ አለና። ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል።

ስንዱ፦ ሰላምታም ከለከልከኝ! ለነገሩ ምኑ ነው አዲሱ? ደላሎቹ በአንድ ሻይ ተሰብስበው እኔ ዘንድ ሲውሉ ኖረዋል። ያኔ ሥራ ፈት ነበር የምንላቸው፤ ላፕቶፕ ሲጨመርበት ኮወርኪንግ ሆነ። «ሁሌም ክፍት ነን» የሚለውንስ ማን ጻፍ አለህ?

ኢዮስያስ፦ እርስዎ! «ከፀዳለ እንዳናንስ፣ ሁሌም ክፍት ነን በል» ብለው ጠረጴዛ የደበደቡት ማን ነው?

ስንዱ፦ ሰው እንደሚሞት ረስቼ ነዋ!

ኢዮስያስ፦ እሺ፣ አሁን ላስተካክለው። «ለጥገና ተዘግቷል» ልበል።

ስንዱ፦ ማን ሊጠገን? ሟቹ?

ኢዮስያስ፦ ታዲያ «ልቅሶ አለብን» ብዬ ልጻፍ? ፕሮፌሽናል አይደለም።

ስንዱ፦ ሞት ነው ፕሮፌሽናል ያልሆነው? እንደሱ ሥራውን የማያጓድል ማንን ታውቃለህ?

ኢዮስያስ፦ ይሳቁብኝ። ለኔ ይኼ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ሰዎቹ ተናደው ከተመለሱ በዚህ ከተማ የሚያሠራኝ የለም።

ስንዱ፦ አይዞህ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ጨንቆኝ ነው አንተን የቀጠርኩት።

ኢዮስያስ፦ ቆይ... መኪና ቆመ። እነሱ ናቸው!

ስንዱ፦ ዞር በል፣ እኔም በመስኮቱ ልይ። ኧረ ሁሉም ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል! ማን ነገራቸው?

ኢዮስያስ፦ ማንም። የቢሮ ልብሳቸው ነው። ወዴት ነው የሚሄዱት? በሩ በዚህ አይደል እንዴ!

ስንዱ፦ በምን ይወቁት? አንተ ድረ ገጹ ላይ የለጠፍከው በር የዱባይ ነው።

ኢዮስያስ፦ የዕድሩ ዳኛ ክንዳቸውን ያዟቸው! ድንኳን ውስጥ እያስገቧቸው ነው!

ስንዱ፦ ጥቁር ለብሶ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ውጭ ይቁም? ፊት ነው የሚያስቀምጧቸው... ይኸው፣ አላልኩህም?

ኢዮስያስ፦ በቃ፣ አለቀልን። ወርጄ ላውጣቸው።

ስንዱ፦ ተው! ልቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው ውልቅ ማለት ነውር ነው። ትንሽ ይቀመጡ፤ ንፍሮም ይቅመሱ።

ኢዮስያስ፦ ንፍሮ! ለዋና ሥራ አስኪያጅ!

ስንዱ፦ ምነው፣ ጥርስ የለውም?

ኢዮስያስ፦ ዝም ይበሉ፣ መልእክት ላከ።

ስንዱ፦ ጮክ ብለህ አንብበው።

ኢዮስያስ፦ «ሟቹ ማን ይባላሉ? አንዲት እናት አቅፈውን ሲያለቅሱ ጊዜ እኛም አለቀስን። ማንን እንዳለቀስን ግን አናውቅም።»

ስንዱ፦ ውይ፣ የሰው ልጆች! አቶ ወንድይፍራው ልብስ ሰፊው በላቸው። ቤተሰቡን እግዜር ያጽናችሁ ካሉ ይበቃል።

ኢዮስያስ፦ ሌላም ጨመረ። «አዳራሹን ሳናይ አንመለስም፤ ከዚህ ስንነሳ ወዲያው እንመጣለን።» እትዬ ስንዱ፣ ምን ልመልስ? ቆማችሁ እዩት ልበል? ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ ልበል?

ስንዱ፦ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ጻፍ፦ «ስትነሱ የተቀመጣችሁበትን ወንበር እየያዛችሁ ውጡ።»