ሰባት ብርጭቆ ሻይ

ግቢ፣ ግቢ! ምን በር ላይ ያቆምሻል? ያቺን ወንበር ሳቢያት… እሷን አይደለም፣ እሷ እግሯ ተሰብሯል፣ ይችኛዋን። እህ፣ እንዴት ዋልሽ? ጉልበትሽስ? ይሄ ደረጃ እኮ ፈጀን። የናንተን መዝገብ ቤት ምድር ቤት፣ እኛን ሦስተኛ ፎቅ ያደረገ ሰው ምን በድለነው ይሆን? ውሃ ልቅዳልሽ፣ ቀዝቃዛ ነው።

በሩን ተይው፣ አትዝጊው። የእሳቸውም በር ገርበብ ብሎ እንዲቀር ራሳቸው ናቸው ያዘዙት፣ ነፋስ ይግባ ብለው። አዎ፣ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ምሳም አልወጡ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው መሰለኝ… ቀስ በዪ እንዳትዪኝ ደግሞ። ሃያ ሁለት ዓመት የጽሕፈት መኪና እየተንጫጫብኝ ካወራሁ በኋላ ኮምፒውተር ስለመጣ ጉሮሮዬ ይስተካከላል? ደግሞስ ክፉ አላወራ። ስለ አለቃ ደግ ደጉን ማውራት ተከልክሏል እንዴ?

የስልክ ደብተሩን ልትወስጂ ነው አይደል? ፍርድ ቤቱ በስምንት ሰዓት ይቅረብልኝ ማለቱን ሰምቻለሁ። ታዲያ ሰዓቱን እዪው፣ ገና ሰባት ከሩብ! መንገዱን ከተሻገርሽ ደረስሽ ማለት ነው። ላብሽን አድርቂ፣ እሰጥሻለሁ። እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣ የትም አትሄድ።

እኔ የምለው… እንዲህ ያለ አለቃ ከየት ይገኛል? የሕገወጥ መሣሪያ ምርመራ ክፍል ሲባል በሰው ሐሳብ የሚመጣው በር መስበር ነው፣ ጩኸት ነው፣ ሕፃን ማስበርገግ ነው። የኛ ልጆች ግን ለብርበራ ሲሄዱ ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ባለቤቱ ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚጠብቃቸው። ያን የጎማ መጋዘን ታስታውሺዋለሽ? ሰባት ሆነው ሄዱ። ገና በሩን ሲያንኳኩ ጠረጴዛው ላይ ሰባት ብርጭቆ ሻይ ተቀድቶ ይተናል። ስድስት አይደለም፣ ስምንት አይደለም። የሾፌሩ ደግሞ ስኳር አልገባበትም፣ እንደማይወስድ ታውቆ! እኔ የገዛ እህቴ ቤት ስሄድ ስንት ማንኪያ ብላ ትጠይቀኛለች። መሣሪያማ ምን ይገኛል? ሻያቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው ተመለሱ። "በተደረገው ብርበራ ምንም አልተገኘም" ብዬ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ጣቶቼ አሁን ሳላያቸው ይጽፏታል።

እሳቸው በየሰኞው ስብሰባ ምን ይላሉ? "ይህን ሥልጣን መንግሥት የሰጠን አምኖን ነው። ጥቆማ ሲደርሰን እናጣራለን፣ ዳኛ ፊት ቀርበን ማዘዣ እናወጣለን፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት ምስክር ባለበት እንገባለን። የሰው ቤት የሰው ገመና ነው።" ሲናገሩት እንባዬ ይመጣል፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ሌላው ሥልጣን ሲያገኝ ለብቻው ጨምድዶ ይይዛል። እሳቸው ግን ቤተ ዘመዱም እንዳይቀርበት ያስባሉ፤ ምን ዓይነት ሆድ ቢሰጣቸው ነው?

ሥርዓት ብትዪ ደግሞ ሥርዓት! ሠራተኛ ሁሉ ሞባይሉን ታች በር ላይ ያስቀምጥ ያሉት ማን ናቸው? "እኔም ብሆን" ብለው የራሳቸውን ቀድመው ሳጥኑ ውስጥ የጣሉትስ? ወደ ውጭ የሚደወል ስልክ ሁሉ በጸሐፊዋ በኩል ይለፍ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ፣ የደወለውም ሰው በደብተር ይመዝገብ፣ ምስጢር እየሾለከ ነው ብለው ደብዳቤ አወጡ። ይኸው ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ፊርማቸው እንዴት እንደሚያምር እዪልኝ! ከፊርማው በላይ ምን ይላል? "ኃላፊውን ጨምሮ።" እንግዲህ ለወጉ ያህል ብለውት እንደሆነ እኔ በምን ልወቅ? ጨምሪ ከተባልኩ እጨምራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ደብተሩን ገልጠው አላዩም። እኔን አምነውኝ ነው… መታመን ደስ ይላል።

የባለፈው ሳምንት ረቡዕ ግን ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልደብቅሽም። አዲሱ የቡድን መሪ፣ ያ መነጽራሙ ልጅ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሽጉጥ ይሸጣል የሚል ጥቆማ ደርሶት ማመልከቻ አዘጋጀ። ነጋዴው ማን መሰለሽ? እኔ ምን አውቃለሁ… ብቻ እህቱን አንድ ትልቅ ሰው ነው ያገባት ይላሉ። እኔ ስጽፍ የቤት ቁጥሩን አራት መቶ ሰማንያ አንድ በማለት ፋንታ አራት መቶ አሥራ ስምንት አልኩት። እጄ ነው! አለቃዬ ሁለቴ አነበቡት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጎድላ አስጨመሩኝ፤ ቁጥሩን ግን አላዩትም። ምን ያድርጉ? እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላበትን ቤት ቁጥር ማን ያያል?

ዳኛዋ ማዘዣውን ፈረሙ፣ ወረቀቱ አራት ሰዓት ላይ ተመለሰ። አራት ከአሥር ላይ እሳቸው መስመር ጠየቁኝ፣ አገናኘሁ፣ መዘገብኩ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፣ እኔ ጆሮ ጠቢ ነኝ እንዴ? ሦስት ደቂቃ ነው። የልጆቹን ጤና ጠይቀው ይሆናል። ደግ ሰው እኮ ሥራ ቢበዛበትም ዘመድ አይረሳም።

ሐሙስ ጠዋት መነጽራሙ ቡድኑን ይዞ ሄደ። ይሄ ልጅ የማንበብ በሽታ አለበት፣ ወረቀት ላይ ያለውን ነው የሚያምነው። አራት መቶ አሥራ ስምንት ሲፈልግ እዚያው መንገድ ላይ አንድ ሰማያዊ በር አገኘ። የማን ቤት ቢሆን ጥሩ ነው? የነጋዴው እናት! አዎ፣ የዚያ የትልቁ ሰውዬ አማት። ሻይ አልተቀዳም፣ ወለሉም አልተወለወለም፣ አሮጊቷ በሌሊት ልብሳቸው ናቸው። ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር፣ ሦስት ሣጥን ወጣ። አሥራ አራት ሽጉጥ! አሮጊቷም ምንም ሳይሸሽጉ "ልጄ ነው ትናንት ማታ ያመጣው፣ የፓምፕ ዕቃ ነው፣ ነገ ፈታሾች ስለሚመጡብኝ እስከ ምሳ አቆዪልኝ ብሎ" አሉ። አየሽ፣ ልጁ ባይነገረው ኖሮ ሣጥኖቹን ከመጋዘኑ አያነሳቸውም ነበር። እኛም በኔ ጥፋት ባዶ ቤት በርብረን እንመለስ ነበር። ታዲያ የተገኘው በማን ነው? በእሳቸው አይደለም? እኔ ብሆን ሽልማት እሰጣቸው ነበር።

አዛኝነታቸው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የታየው። የአሮጊቷ ቃል ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። እሳቸው መዝገቡን አንድ ቀን አሳድረው ሲመልሱት ከሁለት ወደ አራት ይዘላል። "እናት ናቸው፣ በዚህ ዕድሜ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አይንገላቱ" አሉ። እንዲህ ነው አማች! እኔን ያገባኝ ሰውዬ እናቴን በስሟ እንኳ ጠርቷት አያውቅም።

ሣጥኖቹ ግን ባለቤት ያስፈልጋቸዋል አይደል? "የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?" ተባለ። በዘበኛው። ዘበኛው ማን ነው? ጋሽ ቁልፌ! እዚህ በራችን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመው፣ ጡረታ ወጥቶ እዚያ የተቀጠረው፣ የኛው ጋሽ ቁልፌ። "ልጆች፣ ቁልፌን አያችሁብኝ?" ሳይል የዋለበት ቀን ነበር? ቁልፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያየነው ይፈልግ የነበረ ሰው፣ መሣሪያ ቆልፎ ደበቀ ተባለ። መሸከሙንስ ተሸክሟል፣ የፓምፕ ዕቃ ነው ብለውት። ማንበብ አይችል፣ ጣቱን አንስተው የእምነት ቃል ወረቀቱ ላይ አሳረፉለት። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ በየቀኑ ምሳ ይዛ ታች ትቆማለች፣ በመስኮት አያታለሁ… ትናንት ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። አንጀቴን ነው የበላኝ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። በስምንት ሰዓት ዳኛዋ ወይ ይፈቱታል፣ ወይ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይልኩታል። በዚህ ዕድሜው እዚያ ከገባ በእግሩ አይወጣም።

ለዚህ ነው ደብተሯን ስትወስጂ ይህችንም ወረቀት አብረሽ ያዣት የምልሽ። ሦስተኛው ገጽ ናት። ኮምፒውተር ደግሞ ምን ያለ ነገር ነው መሰለሽ፣ ሰው ቀደደ ብሎ አይቀድድም! መነጽራሙ እንደገና ፈርሞባታል፣ ሁለቱም ምስክሮች ፈርመውባታል። ለዳኛዋ በእጃቸው ስጪ፣ ለሌላ ለማንም አትስጪ።

አንድ ነገር ረስቼ። እዚያው ዕቃ ቤት በር ላይ ሲቆጠሩ አሥራ አራት ነበሩ ብዬሽ የለ? ኤግዚቢት ክፍል የገቡት አሥራ ሦስት ናቸው። አንዷ፣ ያቺ እጀታዋ ነጭ የሆነችው፣ መንገድ ላይ ቀረች። በማን መኪና ነበር የመጡት? ተይው… እሳቸው እኮ ሆደ ባሻ ናቸው፣ ብቻዋን ነጭ ሆና ስታሳዝናቸው ወደ ቤት ወስደዋት ይሆናል። ልጅም እንደዚህ ነው የሚያሳድጉት፣ ተንከባክበው።

ምንድን ነው ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው? ከውስጥ ነው… እሳቸው ስልኩን እያነሱ የሚያስቀምጡት ናቸው መሰለኝ። ውይ፣ አፈር ስሆን! ጠዋት የስልኩን ማገናኛ አቧራ ልጠርግለት ብዬ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ነቅዬ ረሳሁት! እርጅና መጣ በዪ። መልሼ እሰካዋለሁ… ቆይ፣ እጄ ውሃ ነክቶታል፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ አያምርበትም። ትንሽ ይድረቅ። ሞባይላቸው ታች ነው ያለው፣ ደንብ አክባሪ ናቸው ብዬሽ የለ?

ጠዋት ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር፣ አይተሻቸዋል? ጨዋዎች፣ ድምፃቸው የማይሰማ። መነጽራሙ ነው የቆጠራውን ዝርዝር ወደ ላይ የላከላቸው። አንድ የብርበራ ማመልከቻ አስጻፉኝ። የዛሬውን የቤት ቁጥር አራት ጊዜ ነው ያመሳከርኩት፤ እንደዚያ ቀን ጉድ እንዳልሠራ ብዬ በጣቴ እየነካሁ አነበብኩት። ዳኛዋ ፈረሙላቸው። በቀን ብርሃን፣ ሁለት ምስክር ይዘው፣ ልክ ሰባት ተኩል ላይ ነው የሚገቡት። እሳቸው ሁሌ እንደሚያስተምሩን አይደል? ስንት ሰዓት ሆነ? ሰባት ተኩል አልፎ ሁለት ደቂቃ። እሰይ፣ ገብተዋል ማለት ነው። ስንት ወሬ አወራሁልሽ!

በይ ተነሺ፣ ዳኛዋ ሰዓት ያከብራሉ። ደብተሯ ይህችውልሽ፣ የረቡዕን ገጽ አጥፌልሻለሁ። ገጹም ይኸው። ጋሽ ቁልፌን ካገኘሽው፣ ቁልፉ አልጠፋም፣ ልጆቹ አይተውታል በዪልኝ። እሱ ይገባዋል።

እሳቸውን ግን… ፈጣሪ ያክብርልን። ለሰው ቤት እንደተጨነቁ ለእሳቸውም ቤት የሚጨነቅ አያሳጣቸው። ደጃቸውን የሚያንኳኳውን ሁሉ አስቀድሞ የሚነግራቸው ዘመድ ይስጣቸው። ወለላቸው እንደተወለወለ፣ ልብሳቸው እንደተተኮሰ፣ ሻያቸው እንደተቀዳ እንግዳ ይድረስላቸው። የዛሬዎቹ ስምንት ናቸው፣ ሁለቱ ስኳር አይወስዱም… አሜን በዪ እንጂ! ጮክ ብለሽ፣ እንዲሰሙት።