አንዱን ለመግዛት ሁለት ላፕቶፕ ይዛ ስለተገኘችው ልጅ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ፈህሚያ ሷሊሕ
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር
ሥራ፦ ፒያሳ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ (ከወንድም ጋር በጋራ)
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ የካቲት 16 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዳኛው አላምረው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ከሱቃችን ተሰረቁ ስለተባሉት ሁለት ላፕቶፖች የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከሁሉ በፊት ዕቃዎቹ አልተሰረቁም። ለልጅቷ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አቤቱታውን ያቀረበው ታናሽ ወንድሜ ኡዘይር ሷሊሕ ሲሆን፣ ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት የእርሱ ሥራ ነው። ተጠርጣሪ የሚለው ቃልም ከልጅቷ ላይ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ወ/ሪት ናዝራዊት ሐብተ ማርያም ወደ ሱቃችን መጣች። አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጠዳ ውስጥ ዜማ የሚያስተምሩ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ከድሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ ናት። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ከቤቷ ሆና እንድትሠራለት ቀጥሯት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ልትጀምር አንድ ላፕቶፕ ፈልጋ ነው የመጣችው። የምትገዛው አንዴ ነው፤ ከተሳሳተች ሌላ የምትገዛበት የላትም።

በሱቁ ለሥራዋ የሚሆኑ ሁለት ነበሩ። አንዷ ለጌም ተብላ የተሠራች፣ አዲስ፣ ፈጣን፣ ከፊደሎቿ ሥር ቀይ መብራት የሚበራባት ናት። ሁለተኛዋ ወርክስቴሽን የሚሏት፣ ለመሐንዲስ ሥራ የተሠራች፣ ከውጭ ያገለገለች፣ ጥቁርና ወፍራም፣ መልክ የሌላት ናት። ዋጋቸው ይቀራረባል። ልጅቷ አንዴ ይቺን አንዴ ያቺን እየነካካች ብትጨነቅ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ሁለቱንም ቤትሽ ወስደሽ ሥሪባቸውና ረቡዕ መልሺልኝ አልኳት። ወንድሜ ዕቃ ሊያደርስ ዛሪማ ሄዶ ነበር እንጂ፣ ቢኖር ኖሮ ቀይ መብራቷን አሸክሞ ይሸኛት ነበር።

ደረሰኝ ወይም ዋስ ለምን እንዳልያዝኩ ስጠየቅ፣ ለምናውቀው ሰው አማና ነው፣ አደራ ነው ብለን መስጠት የቤታችን ልማድ ነው። አባታችንም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ወስዶ ያልመለሰ አላየሁም፤ አንድ ሬዲዮ ብቻ ቀርቷል፣ እርሱም ሰውየው ስለሞተ ነው።

ዛሬ ጠዋት እኔ ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጬ ስልኬን ዘግቼ ነበር። ኡዘይር ከዛሪማ ተመልሶ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ እኔን ፈልጎ እንኳ ሳይጠይቅ በቀጥታ ለፖሊስ አመለከተ። በዚያው ሰዓት ናዝራዊት በቀጠሮዋ ዕቃዎቹን ልትመልስ ከጠዳ በሚኒባስ እየመጣች ነበር። አቤቱታው ደርሶ አዘዞ ላይ ፍተሻ ሲደረግ ሁለቱም ላፕቶፖች ተገኙባት። ያገለገለችዋ ቦርሳ ስላልነበራት፣ መሪጌታ መንገድ ላይ እንዳትመታ ብለው የድጓቸውን የቆዳ ማኅደር ባዶ አድርገው ሰጥተዋት ነበር። ፈታሾቹ ግን የተሰረቀ ዕቃ በመጽሐፍ መያዣ ደበቀች አሉ። በጠዳ ሰው ፊት ከመኪናው አወረዷት። የመሪጌታ ልጅ ሌባ ወጣች ያለም ነበር።

እኔ ወሬው ደርሶኝ ጣቢያ ስመጣ ልጅቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ሰምተው ከጠዳ የመጡት አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቧ ቆመው አገኘኋቸው። ወላሂ፣ ጮኼአለሁ፤ መጮኼም ይጻፍልኝ።

ሳጅን ዳኛው አንድ የምትገዛ ሰው ሁለት ምን ያደርግላታል ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ሁለቱንም ጠረጴዛቸው ላይ ከፍታ አንድ ዓይነት ሥራ ሰጠቻቸው። ቀይ መብራቷ ቀድማ ጨረሰች። ሳጅን “በቃ፣ ሸጋዋ ይቺ ናት፤ ያዣት” አሉ፤ ይህንንም ይጻፉት አልኩ፣ ጻፉት። ልጅቷ ግን ሥራውን ደጋገመችው። ያን ጊዜ ቀይ መብራቷ ግላ እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረች። ከመብራት ሲነቅሏትም ባትሪዋ ዓይናችን እያየ ወረደ። ያገለገለችዋ ትንሽ ዘግየት ትላለች እንጂ አትግልም፣ አትጮህም፣ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ትሸከማለች፣ ባትሪዋም ተነቅሎ ሌላ ይገባባታል። ጠዳ ደግሞ መብራት ሲጠፋ መመለሻው አይታወቅም። መሪጌታም “የዚያችኛዋ ጩኸት ተማሪዎቼን ከዜማ አስወጥቷቸዋል” ሲሉ ሳጅንን ጨምሮ ሁላችንም ሳቅን።

ወንድሜ ተጠርቶ ሲመጣ ነገሩን ነገርኩት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ናዝራዊትን “ጥቁሯን ውሰጃት፣ በነፃ ናት፤ ይቅር በይኝ” አላት። መሪጌታ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። ልጅቷ ግን ተነሥታ “በነፃ አልወስድም፤ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቆርጦልኝ ነው የምወስደው። አያ ኡዘይር፣ ሌባ የተባልኩት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁንልኝ” አለች።

ኡዘይር ኩሩ ሰው ነው። ለእኔ ለእኅቱ እንኳ አጥፍቻለሁ ብሎ አያውቅም። እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሱ ግን ማኅደሩን እያየ መሪጌታን ልያዘው ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ ያዘው ልጄ አሉት። ላፕቶፗን ከነማኅደሯ ትከሻው ላይ አንግቶ ቀድሟቸው ወጣ። ሱቅ አድርሷቸው ደረሰኙን ከቆረጠ በኋላ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አቤቱታ አቅራቢው መዝገቡን ለማስዘጋት አሁን ለምን እዚህ እንዳልተገኘ ስጠየቅ፣ ከእነርሱ ጋር በጠዳ ሚኒባስ ተሳፍሯል፤ ሲመለስ መጥቶ ይፈርማል። ቃሌን መስጠት ከመጀመሬ በፊት ደውዬለት የት ደረስክ ብዬ ስጠይቀው፣ “ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶልኛል፤ አንዲት አሮጊት ጥፋቱ የእኔ ነው ስል ስላልሰሙ እንደገና እየነገርኳቸው ነው” አለኝ።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መጻፉን፣ ሁሉም እውነት መሆኑን፣ ማንም እንዳላስገደደኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፈህሚያ ሷሊሕ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ዳኛው አላምረው