የጠዋቷ ሻጭ ስትሰናበት

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሱቁን በጊዜ ዘግታችሁ፣ የብርጭቆ ካርቶኑን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ ወንበር ስለደረደራችሁልኝ አመሰግናለሁ። እትዬ፣ እርስዎም የሱቁ ባለቤት ሆነው ደንበኛ እየመለሱ ይህን ስላደረጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ስትሆኑልኝ ግን ይብሱን አፈርኩ። ለምን እንደሆነ ገሚሶቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ላላወቃችሁት ልንገራችሁ።

ወደዚህ የመጣሁት አባቴ አልጋ ከያዘ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን ታየው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረውም። እናም ግማሽ ቀን የሚያሠራኝ ሱቅ ፍለጋ ወጣሁ። ጫማ ቤት ገባሁ፣ የመጋረጃ መሸጫ ገባሁ፣ መድኃኒት ቤት ሳይቀር ጠየቅሁ። አንዱ ልብስ ነጋዴ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ግማሽ ቀን? እኛ ግማሽ ሰው አንቀጥርም" አለኝ። "እኔ እንኳ ሙሉ ነኝ፣ ግማሹ ቀኑ ነው" ብዬ ስመልስለት ሳቀ። ሥራውን ግን አልሰጠኝም።

እዚህ ስደርስ እግሬ ዝሎ ነበር። እትዬ ድስት ይወለውላሉ። ጠዋት ጠዋት ብቻ እንዲያሠሩኝ ጠየቅኋቸው።

"ከሰዓት የት ልትሄጂ ነው?" አሉኝ።

"አባቴ ጋ። ታሟል።"

"በይ ነገ ነይ።"

በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

ከሰዓት የምትሠራዋ ባልደረባዬ፣ ያቺ ጥግ ላይ ያቀረቀረችው... ቀና በይ እንጂ። እኔና እሷ በቀን የምንተያየው ጋዋን እስክንቀባበል ብቻ ነበር። ግን አባቴ በባሰበት ቁጥር ስደውልላት ልጇን አዝላ በጠዋት ከተፍ ትላለች። ገንዘብ ተቀባያችን ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ "ምክትሌ ነው፣ ደረሰኙን ቢበላም ጎበዝ ነው" እያለ ደንበኛ ሲያስቅ ታስታውሳላችሁ? አንድ ቀን እንኳ "አበዛሽው" ያለኝ የለም።

ከዚያ አባቴ ዐረፈ። ሁላችሁም ቤቴ መጥታችሁ አብራችሁኝ ተቀመጣችሁ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ባዶ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ 'አሁን እኮ ቀኑን ሙሉ መሥራት እችላለሁ' አልኩ በልቤ። እፎይ አልኩ። ለዚያች እፎይታ እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ሥራ ስመለስ እትዬ፣ ለእኔ አዝነው ነው እንጂ ክፋት አልነበረዎትም፣ "ቀኑን ሙሉ ያንቺ ላድርገው? የከሰዓቷን እናሰናብታታለን" አሉኝ።

ምን ማለት ነበረብኝ? "አይሆንም" ነዋ! እኔ ግን "ላስብበት" አልኩ።

እሷ ለካ በጊዜ መጥታ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳህን ትደረድር ኖሯል። የሳህኑ ድምፅ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

በማግስቱ ለእትዬ እንቢ አልኳቸው። ግን ቃሉ አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ጋዋኑን ሳቀብላት ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ብቻዬን ስቀር ደግሞ የግማሽ ቀን ደመወዝ አይበቃኝም፤ እንደገና ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርኩ። በመጨረሻ የቀለም መሸጫው ተቀበለኝ፣ ሙሉ ቀን።

እስቲ አስቡት። ግማሽ ቀን ይዤ ስንከራተት ሁሉም ፊቱን ሲያዞርብኝ እናንተ ተቀበላችሁኝ። አሁን ሙሉ ቀን ሲኖረኝ ይዤው ወደ ሌላ ሰው ልሄድ ነው።

መሄዴን ስነግራት ይቅርታ ጠየቅኋት። ምን አለችኝ መሰላችሁ?

"እኔም ብሆን አስብበት ነበር።"

ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ከነገ ጀምሮ በእኔ ቦታ አንዲት ሴት ትገባለች። የታመመች እህት አለቻት አሉ። በዘገየች ቀን እኔን እንደቻላችሁኝ ቻሏት።

እትዬ፣ ገበያዎ ይድራልዎ፣ ጉልበትዎ አይድከም። ገንዘብ ተቀባያችን፣ ጤናና ሳቅ አይለይህ። ሁላችሁም ካሰባችሁት ያድርሳችሁ፤ ዘመድ በታመመባችሁ ጊዜ እንደናንተ ያለ ሰው ይስጣችሁ።

አንቺ እህቴ፣ ልጅሽ አድጎ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ። ሥራሽን የሚመኝብሽ ሰው በዚህ በር አይግባ። እኔም ብሆን።