ግርግሙ ላይ የተተወው ዘንግ

(እንጅባራ አቅራቢያ ባለች የገጠር መንደር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። የፈረስ ማኅበሩ ዳኛ አያ ይርሳው በማኅበሩ የጋራ ጋጣ ላይ አዲስ በር እየገጠመ ነው፤ የሟች ባሏ የልየው ፈረስ ቦራ የተሰረቀባት አበልጁ እማዋይሽ ከፊቱ ቆማለች።)

እማዋይሽ፦ አልኩህ እኮ፣ አበልጄ! ይሄ ጋጣ በር አያስፈልገውም።

ይርሳው፦ ፈረስሽ ተሰርቆ በር አያስፈልግም ትያለሽ? ሰው ቢሰማሽ ምን ይላል!

እማዋይሽ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላላ።

ይርሳው፦ ይበል። እኔ የምጮኸው ለሚመጣው ጅብ ነው። እይ እስቲ፣ በሩ የዋንዛ ጣውላ ነው። ከላይ ቆርቆሮ እመታበታለሁ። ቁልፉን ተመልከቺው፣ ጡጫ ያክላል፤ ከባሕር ዳር ነው ያስመጣሁት። ዙሪያውን በእሾህ አጥረዋለሁ። ከዚያ ወንዱ ሁሉ ሌሊት ሌሊት በየተራው ሮንድ ይወጣል። ውሻም ታዝዟል።

እማዋይሽ፦ መድፍስ አላዘዝክም?

ይርሳው፦ አትቀልጂ፣ እማዋይሽ። የጨነቀው ሰው ነው የሚያወራሽ።

እማዋይሽ፦ ልየው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ለወንድሞቼ መርዶ በምን ደረሳቸው? መርዶ ነጋሪው እዚሁ ጋጣ ገብቶ፣ ያገኘውን ፈረስ ፈትቶ፣ ዘንጉን ግርግሙ ላይ ትቶ ጋለበ። ማንንም አልቀሰቀሰ፣ ማንንም አላስፈቀደ። ዘንግ ያየ ሁሉ "ሰው ሞቷል፣ ፈረሱ ለመርዶ ሄዷል" ብሎ ዝም አለ። ወንድሞቼም ለቀብሩ ደረሱልኝ። ያን ዕለት ይሄ ጡጫ የሚያክለው ቁልፍህ ተንጠልጥሎ ቢሆን፣ ልየው አፈር ከለበሰ በኋላ ነበር የሚመጡት።

ይርሳው፦ እሱማ ደጉ ዘመን ላይ ነው።

እማዋይሽ፦ የምን ዘመን? አርባው እንኳ አልወጣም እኮ!

ይርሳው፦ ሌባው የገባው በዚሁ ደግነታችን ነዋ! ዘንግ ትቶ ቦራን ይዞ እብስ ሲል፣ እኛ ምን አደረግን? ሰው ሞቷል ብለን ነጠላ ዘቅዝቀን ቁጭ! አንዱ "አክስቴ ታማ ነበር" ይላል፣ አንዱ "የእኔ ወንድም ይሆን" ይላል። ንፍሮ ሁሉ ተቀቅሏል። ሦስት ቀን መርዶ ጠብቀን፣ የሞተ ጠፋ! የአገር መሳቂያ ሆንን።

እማዋይሽ፦ እኔም አብሬያችሁ ተቀምጫለሁ።

ይርሳው፦ ተቀምጠሽ ብቻ? ከሁሉ አብልጠሽ ያለቀስሽው አንቺ ነበርሽ።

እማዋይሽ፦ ነበርኩ። እሱን ተወውና፣ ሌባው ማነው?

ይርሳው፦ እኔ ምን አውቄ! የሩቅ ሰው ይሆናላ።

እማዋይሽ፦ የሩቅ ሰው ዘንግ ትቶ መሄድን ከየት ተማረው?

ይርሳው፦ ዛሬ ምን የማይሰማ አለ? መንገዱ ተከፍቷል፣ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። እኔ ከእንግዲህ ሁሉንም ነው የምጠረጥር።

እማዋይሽ፦ እኔንም?

ይርሳው፦ ኧረ እግዚኦ በይ!

እማዋይሽ፦ ሁሉን እጠረጥራለሁ የሚል ሰው፣ አንዱን መሸሸጉ ነው።

ይርሳው፦ መዶሻውን አቀብዪኝ።

እማዋይሽ፦ እንካ። ዘንጉስ የት አለ?

ይርሳው፦ የቱ ዘንግ?

እማዋይሽ፦ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች! ሌባው የተወው ነዋ። "ባለቤቱን አጣራለሁ" ብለህ ይዘኸው የሄድከው አንተ አይደለህም?

ይርሳው፦ አለ። ቤት ነው። እያጣራሁ ነው።

እማዋይሽ፦ ይሄ መወርወሪያ ከየት መጣ?

ይርሳው፦ የትኛው?

እማዋይሽ፦ አሁን በሩ ላይ የሰካኸው።

ይርሳው፦ እንጨት ነው። ከጓሮ ያገኘሁት ነው።

እማዋይሽ፦ ወይራ ነው፣ አበልጄ። ጓሮህ ውስጥ ከባሕር ዛፍ በቀር ምን አለ? ደግሞ አሁን ነው የተፋቀው። እስቲ ዞር በልልኝ፣ በእጄ ልዳስሰው። እዚህ ጋ ሦስት ቀለበት ተቀርጾበት ነበር። ፋቅኸው፣ ግን መጎድጎዱ አልጠፋም።

ይርሳው፦ እማዋይሽ...

እማዋይሽ፦ ልየው ነው የቀረጸው። ለክርስትና ልጁ፣ ማኅበሩ ውስጥ የገባ ዕለት። "ዘንግ የሌለው ፈረሰኛ እጅ የለውም" እያለ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቀርጽ፣ ፍቅፋቂውን የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ይርሳው፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽ?

እማዋይሽ፦ ከመጀመሪያው ጧት። ቦራን ጨው ላስልስ መጥቼ፣ ዘንጉን ካንተ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ይርሳው፦ እያወቅሽ ነው ከእኛ ጋር መርዶ ስትጠብቂ የሰነበትሽ?

እማዋይሽ፦ ምን ልበል? ሚስትህ ወልዳ በታመመች ጊዜ ጡቴን የጠባው ልጅህ ጌትነት፣ የክርስትና አባቱን ፈረስ ሰረቀ ብዬ ልጩህ? አፌ እንቢ አለኝ። የሰረቀው እሱ፣ ሰው ቀና ብሎ ማየት ያቃተኝ እኔ። አፈርኩ፣ አበልጄ።

ይርሳው፦ እንግዲያ ያ ሁሉ ልቅሶ ለማን ነበር? የሞተ እንደሌለ እያወቅሽ!

እማዋይሽ፦ ለጌትነት ነበር። ለልጃችን።

ይርሳው፦ ወይ መሬት! ምነው ተከፍተሽ ብትውጪኝ!

እማዋይሽ፦ ጠየቅኸው?

ይርሳው፦ ተኝቷል። አሞኛል ይላል፣ እህል አልቀመሰም። ደጁ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ብጠይቀው እንዳይነግረኝ ፈራሁ።

እማዋይሽ፦ አንተ? የስንቱን ነገር የምትዳኘው?

ይርሳው፦ የሰው ነገር ቀላል ነው። "ባጃጅ ግዛልኝ" ሲለኝ፣ የዳኛ ልጅ በፈረስ እንጂ በባጃጅ ብዬ በሰው ፊት ሳቅኩበት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በነጋታው ቦራ ጠፋ። ዘንጉን ሳየው የልጄ መሆኑን አወቅኩ። እሳት ውስጥ ልጨምረው ወሰድኩት፤ የልየው እጅ የሠራውን ማቃጠል አልሆንልህ አለኝ። በር ላይ ብሰካው ማን ልብ ይለዋል አልኩ።

እማዋይሽ፦ ሌባ ለመከልከል የሌባውን ዘንግ!

ይርሳው፦ ተይኝ። እኔም ለራሴ ብያታለሁ።

እማዋይሽ፦ ቦራ የት ነው ያለው?

ይርሳው፦ አልጠየቅኩትም አልኩሽ። ግን ወንዙ አጠገብ ጓደኛ አለው። ደግሞ ዛሬ ገበያ ነው። የተሰረቀ ፈረስ የሚደበቀው እስከ ገበያ ቀን ድረስ ነው።

እማዋይሽ፦ ይሄን እያወቅክ ነው እዚህ ሚስማር የምትመታው? ማክሰኞ የልየው ተዝካር ነው! የልየው ካባ ኮርቻው ላይ ተደርጎ ድንኳኑ ፊት የሚቆመው ቦራ ነው። ባዶ ገመድ ይዤ ልቁም?

ይርሳው፦ የእኔን ፈረስ ዳማን ውሰጂው። ለተዝካሩ ብቻ አይደለም፣ ያንቺ ይሁን። ከነጌጡ ከነሽልማቱ።

እማዋይሽ፦ ዳማህ ልየውን አያውቀውም። ቦራን የቀብሩ ዕለት ከመቃብሩ ያስነሳነው በስንት ወንድ ጉልበት ነው?

ይርሳው፦ እሺ፣ እንግዲያ ስሚኝ። ቀን ጎደል ሲል ብቻዬን ሄጄ አመጣዋለሁ። ገመዱን በጥሶ ጫካ ገብቶ ነበር እንላለን። ልጁም ይተርፋል፣ የእኔም ስም...

እማዋይሽ፦ ገበያው ተበትኖ፣ ቦራ ተሽጦ ወንዝ ከተሻገረ በኋላ?

ይርሳው፦ ታዲያ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ "ዳኛ ይርሳው ልጁ የሰረቀውን ሊመልስ መጣ" ልባል? ፊቴን የት ላድርገው?

እማዋይሽ፦ እኔ ምንም አላልኩህም። በርህን ግጠም፣ ቁልፍህን ቆልፍ። አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ። ቁልፉን የሚይዘው ማነው?

ይርሳው፦ ዳኛው ነዋ።

እማዋይሽ፦ ዳኛው ሲታመም፣ ዳኛው መንገድ ሲሄድስ?

ይርሳው፦ ልጁ።

እማዋይሽ፦ ማን?

ይርሳው፦ ልጁ አልኩሽ! ገባኝ፣ አትድገሚኝ። እንቺ፣ መዶሻውን ተቀበይኝ።

እማዋይሽ፦ ምን ልትሆን ነው?

ይርሳው፦ ዳማን ልጭን ነው። ኮርቻውን ከመስቀያው አውርጂልኝ። ጌትነትን ከተኛበት አስነስቼ፣ ከኋላዬ አፈናጥጬ በገበያው መሃል አልፋለሁ። ቦራን ያሰረበትን ቦታ በገዛ እጁ ያሳየኛል።

እማዋይሽ፦ አሁን? ሰው እያየ?

ይርሳው፦ አሁን። ያን መወርወሪያ ንቀይውና በሩን ወለል አድርገሽ ክፈችው።

እማዋይሽ፦ ቆይ፣ ዘንግህን ምነው ግርግሙ ላይ አኖርከው? የዳኝነት ዘንግህ እኮ ነው!

ይርሳው፦ ፈረስ ይዞ የሚሄድ ዘንጉን ይተዋል። ወጋችን አይደለም?

እማዋይሽ፦ ሰው ይደነግጣል እኮ፣ አበልጄ! ዘንጉን አይተው "ማን ሞተ?" ቢሉኝ ምን ልበላቸው?

ይርሳው፦ ሦስት ቀን የጠበቃችሁት መርዶ ከዳኛው ቤት ነው የወጣው በያቸው።