የጋዝ መሳቢያውን ማን እንዳጠፋው

ቃል ሰጪ፦ የኬሚስትሪ ዶክትሬት ተማሪ፣ ሴት
ዕድሜ፦ 31
አድራሻ፦ የተመራማሪዎች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠው፦ ሐሙስ ጠዋት፣ በፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ድኝ ያለባቸውን አሮማቲክ ካርቦክሲሊክ አሲዶች የተባሉ ውህዶችን በላቦራቶሪ እንሠራለን፤ የሠራነው የፈለግነው ውህድ መሆኑንም በኢንፍራሬድ ጨረር መሣሪያ እናረጋግጣለን። ባልደረባዬን የድኝ ሽታ ከልብሱ ስለማይለቅ ሁላችንም «ሽቶ» እንለዋለን፤ ሚስቱም ሸሚዙን በረንዳ ላይ ሳያወልቅ ቤት አታስገባውም።

ማክሰኞ ጠዋት ከትንሿ ናሙና ያገኘነው የኢንፍራሬድ ውጤት ልክ የጠበቅነው ሆኖ ስለተገኘ በደስታ ተቃቅፈናል። የክፍሉ ኃላፊ ግን ከሰዓት በኋላ እንግዶች ስለሚመጡበት «ይቺ ቁንጥር ዱቄት ለማን ትታያለች? ጠርሙስ ሙሉ ሥሩልኝ» ብሎ አዘዘ። ሽቶ መጠኑ ሲጨምር የሚወጣው ጋዝም እንደሚበዛ ነገረው። ኃላፊው ጋዙን ከክፍሉ እየሳበ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ማራገቢያ ማለቱ ነው፣ «ታዲያ መሳቢያው ምን ሊሠራ ነው የተገጠመው?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽቶ ድብልቁ ላይ አሲድ እየጨመረ ሳለ እኔ መሣሪያውን ላዘጋጅ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ። በዚህ ደረጃ የሚወጣው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። የሚገድለውም ያኔ ነው። ድንገት የመሳቢያው ድምፅ ቆመ። ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ኃላፊው መሳቢያውን አጥፍቶ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት አየሁት።

«ዶክተር፣ ምን እያደረጉ ነው? ውስጥ ሰው አለ እኮ!» አልኩት።

«ድምፅሽን ቀንሺ። መሳቢያው የሚተፋው ሽታ በአዳራሹ መስኮት ገብቶ እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘዋል። እሱ መስኮት ይክፈት» አለኝ።

ትቼው ሮጥኩ። ሽቶ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ነበር። ትንፋሼን ይዤ በጋዋኑ ኮሌታ እየጎተትኩ አወጣሁትና በሩን ዘጋሁት። «የሰው ያለህ፣ ድረሱልኝ!» እያልኩ ስጮህ ኃላፊው እንግዶቹን በሌላኛው በር እየሸኘ ነበር።

ማምሻውን ሆስፒታል ኃላፊው እኔንና የሽቶን ሚስት ለብቻ ጠርቶ «መሳቢያውን ራሱ ነው ያጠፋው ብለን እንጨርሰው፤ የተቋሙ ስም ነው» አለን። ወደ እኔም ዞሮ «መመረቂያሽ በእኔ እጅ መሆኑን አትርሺ» ሲል አከለ።

የሽቶ ሚስት «ባሌ? እኔ ክብሪት ስጭር እንኳ መስኮት የሚከፍተው ሰው? ጥፋ ከፊቴ!» አለችው። የእኔም ደሜ ፈልቶ ነበር፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። ይኸው እንዲጻፍልኝ መርማሪውን ጠይቄያለሁ።

ሽቶ ትናንት ዓይኑን ገልጧል። ሚስቱን ግን የሚጠራት «ነርስ» እያለ ነው፤ እሷም «አቤት» ትለዋለች።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ኃላፊው በስህተት መሳቢያውን አጥፍቶ» የሚል ስለተገኘበት «በስህተት» የሚለው እንዲሰረዝ አድርጌያለሁ። ውስጥ ሰው እንዳለ ነግሬው ቁልፉን ከኪሱ አላወጣም። ሌላው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት መሆኑን፣ ኃላፊው ፊት ለፊቴ ቢቀመጥም አንዲት ቃል እንደማልለውጥ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
(ስርዙ በምስክሯ ጥያቄ በእኔ እጅ የተደረገ ነው።)