ስለ ቀሪው ዘለላ እውነቱን መጻፍ

ጋሽ ኤርጫፎ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ገብተው ሲቀመጡ ጎናቸው ያለችው ሩሐማ ሆና ቁጭ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላቸው ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ከቤት የወጡት ከእሷው ለመሸሽ ነው። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሦስት ወር ሙሉ እሳቸው ከሚመሯቸው ሙዝ ጫኞች ጋር ውላ ስለ ሥራ ልማዳቸው ጽፋለች። ጽሑፉ በማግስቱ ነጋዴዎቹና ጫኞቹ በተሰበሰቡበት ሊነበብ ነው።

ስብሰባው የዋዛ አልነበረም። ጫኞቹ አንድ አይሱዙ ሞልተው ሲጨርሱ አንድ ዘለላ ሙዝ መሬት ላይ ያስቀራሉ። «የቀሪ» ይሉታል፤ ታሞ ወይም ሐዘን ገጥሞት ከሥራ ለቀረ ባልደረባ ቤት ይሄዳል። ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው፤ ሙዙ የነጋዴው መሆኑን ግን ማንም ልብ ብሎ አስፈቅዶ አያውቅም። አንድ አላፊ አግዳሚ ጸሐፊ ይህንን አይቶ «ከየመኪናው ይሰርቃሉ» ብሎ ጻፈ፤ ነጋዴዎቹም ሌላ ጫኝ እናመጣለን ብለው ተነሡ። የሠላሳ አባወራ እንጀራ በዚህ ስብሰባ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የሰጠሽኝን አነበብኩት» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። «ባሏ አልጋ ላይ ሳለ ልጆቿን በቀሪው ዘለላ ስላሳደረችው ስለ ፈቃደ ሚስት የጻፍሽው አንጀቴን በልቶታል። ያችን አንዷን ነገር ግን አውጪልኝ።»

የትኛዋ እንደሆነች ለሩሐማ መንገር አያስፈልግም። ባለፈው ወር እንግዳ ድንገት ቢመጣባቸው፣ ለታመመው ለታዴዎስ የተቀመጠውን ዘለላ ጋሽ ኤርጫፎ ወደ ቤታቸው ወስደዋል። የነገሯትም ራሳቸው ናቸው። እሷ «ከመካከላቸው አንዱ» ብላ አልፋዋለች።

«ጋሼ፣ ነገ ሰዎቹ መጀመሪያ የሚያስቡት ‹ይህችን ልጅ ለምን እንመናት?› ብለው ነው። አብሬያችሁ እንደተሸከምኩ ጽፌያለሁ። ሁላችሁንም ቅዱሳን አድርጌ ካቀረብኩ ግን ተገዝታ ነው ይሉኛል።»

«የፈቃደ ሚስት ታሪክ አይበቃም? ሰሚውን ሁሉ ያስለቅሳል እኮ።»

«ያስለቅሳል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ይረሳዋል። ማዘንና ማመን ለየቅል ናቸው። ለዚህ ነው የዘጠና አራት መኪና ዘለላ የት እንደገባ እግር በእግር የተከታተልኩት። ዘጠና ሦስቱ ለቀሪው ደርሷል። አንዱን ከደበቅኩ ዘጠና ሦስቱን ማን ያምነኛል?»

«እና ይሄ ሁሉ ሰው ማሳመኛ ዘዴ ነዋ።»

«አዎ፣ ዘዴ ነው፤ ለውሸትም ይሠራል። ያ ‹ይሰርቃሉ› ብሎ የጻፈው ሰውዬም ‹በዓይኔ አይቻለሁ› ብሎ ታመነ፤ ‹የነጋዴው ላብ› ብሎ ስሜት ነካ። ማስረጃው ግን የአንድ ጠዋት ነው። ዘለላው ወዴት እንደሚሄድ አልተከተለም። እኛ ደግሞ በሌላ በኩል እሱ ያደረገውን እናድርግ?»

ጋሽ ኤርጫፎን የከበዳቸው ክርክሩ አልነበረም፤ ሃያ ዓመት አለቃ የሆነ ሰው በሰው ፊት ማፈር ሞቱ ነው። ቅር እንዳላቸው ሲቀላ ወረዱ።

በማግስቱ ሩሐማ ቆማ አነበበች። የፈቃደ ሚስት ታሪክ ጋ ስትደርስ ብዙ ሰው ዓይኑን ጠረገ። ከነጋዴዎቹ ሁሉ የከረረችው ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን ስልኳን ትነካካለች። «አንዱ ዘለላ ሳይደርስ ቀረ» ሲባል ያኔ ቀና አለች።

«ማነው እሱ?»

«ስሙን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ» አለች ሩሐማ።

ጫኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ዓይናቸው ሊሻን ላይ አረፈ። ሊሻን ከጫኞቹ ሁሉ ቀልደኛ ነው፤ ቀልደኛ ሰው ደግሞ መጠርጠሩ አይቀርም። ልጁ አንገቱን ሲደፋ ጋሽ ኤርጫፎ አዩት። ስማቸውን ለማዳን ሲሉ የሌላ ሰው ስም ሊያጠፉ ነው።

«እኔ ነኝ» ብለው ተነሡ። «የታዴዎስን ድርሻ ቤቴ ወስጃለሁ። ልጅቱ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ልቃወም ነበር የመጣሁት» አለች። «የራሱን ጥፋት የሚናገር ሰው ግን ስለ ሌላውም አይዋሽም። እኔ ጫኝ አልቀይርም። ግን ምናለ፣ እንዲህ መሆኑን ቀድማችሁ ብትነግሩን? ለታመመ ሰው አንድ ዘለላ እንከለክል ነበር?»

የቀሩት ነጋዴዎችም ተስማሙ። ጫኞቹ እየተቃቀፉ ወጡ፤ የሊሻን ሳቅ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።

ዛሬ የቀሪው ዘለላ የሚወርደው በነጋዴው ፈቃድ፣ ሹፌሩ ቆሞ እያየ ነው፤ የታመመውም ሰው ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል። ሐሜት ቀርቷል፤ ሠላሳውም አባወራ ሥራው ላይ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ እንዲያውም ከራሱ ሌላ ዘለላ ይጨምራል። ተደብቆ ሲያስጠረጥር የኖረ ደግነት በግልጽ ሲሠራ እንዲህ ይከበራል።

ሩሐማ ጽሑፏን ለመምህራኗ ከማስገባቷ በፊት ልትሰናበታቸው መጣች። ጋሽ ኤርጫፎ ወረቀቱን ተቀብለው ቀስ እያሉ ገለጡ።

«እዚህ ጋ ‹ከመካከላቸው አንዱ› ይላል» አሉ። «ሠላሳችንም ‹አንዱ› ነን። ሰርዢውና ስሜን ጻፊ።»