ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት

ባለፈው ሳምንት ያ ድሮ የግንባታ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው መሐንዲስ ቤቴ መጣ። እንደገባ ካፖርቱን አወለቀና «እሳቱ የት ነው?» ብሎ ዙሪያውን ፈለገ። እሳት የለም። ግድግዳው ድርብ ድንጋይ ሆኖ መሃሉ በጭድ ተሞልቷል፤ መንገዱ በሰሜን ቢሆንም መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፀሐይ ናቸው፤ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊትም አይወጣም። ይህን ሁሉ ያኔ ፈቃድ ልጠይቅ ሄጄ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ አስረድቼው ነበር። ቤቱን የነደፍኩት ደረቱን ለሚያመው አባቴ ነበር። መሐንዲሱ ግን «ቤት ለመንገድ ጀርባውን ይሰጣል እንዴ? ከጎረቤት ተጣልተሃል?» ብሎ ሳቀብኝና ፕላኔ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይፈቀድም» ብሎ ጻፈበት። እሱ ተዛውሮ ሌላ ሰው እስኪፈቅድልኝ ድረስ አባቴ በኪራይ የቆርቆሮ ቤት፣ በደባርቅ ብርድ ሲያስል ከርሞ፣ መሠረቱ እንኳ ሳይወጣ አረፈ።

«ሸጋ ቤት ነው፣ ወንድሜ» አለኝ አሁን። «እናቴን ብርዱ ሊገድላት ነው። ምነው ፕላኑን ብትሰጠኝ?»

ያንኑ ወረቀት ከሳጥን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። የገዛ እጅ ጽሑፉን አየ። አሁንስ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቀዩ የሌለበት ንጹሕ ኮፒ የለህም?» አይለኝም!

እናቱ ምን በደለችኝ? ሰጠሁት። «ያለኝ ይኸው ነው፤ ከነቀዩ ውሰደው» አልኩት። «ግንበኛው ‹ይህን ማን ጻፈው?› ሲልህ ትነግረዋለህ።»